የቲኤኤ በር ከተዘጋ በኋላ፦ ፋብሪካው ወደ ውጭ የሄደበት ሠራተኛ ምን ይቀረዋል?

አሜሪካ ውስጥ ፋብሪካ ሲዘጋ ወይም ማሽኑን ነቅሎ ወደ ሌላ አገር ሲሄድ፣ ሌይኦፍ ለተደረገው ሰው ከወዳጅ የሚደርሰው የመጀመሪያ ምክር «ቲኤኤ ሙላ፣ መንግሥት ያስተምርሃል» የሚል ነው። ቲኤኤ በውጭ ንግድ ምክንያት ሥራ ላጡ ሠራተኞች ሥልጠናና የሳምንት ገቢ ይሰጥ የነበረ የፌዴራል ፕሮግራም ነው። ምክሩ ለብዙ ዓመታት ልክ ነበር። የፕሮግራሙ ሕግ የጊዜ ገደቡ አልቆ ስለነበር ግን ከጁላይ 1 ቀን 2022 ጀምሮ የፌዴራሉ ሌበር ዲፓርትመንት አዲስ ማመልከቻ አይቀበልም፣ በእጁ በነበሩትም ላይ ውሳኔ አይሰጥም። በሩ ክፍት የቀረው ከዚያ በፊት የፋብሪካቸው የሠራተኞች ቡድን ዕውቅና አግኝቶ፣ እስከ ጁን 30 ቀን 2022 ድረስ ከሥራ ለተሰናበቱ ብቻ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አሮጌው በራሪ ወረቀትና አሮጌው ማብራሪያ ግን ዛሬም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ሰው የቲኤኤ ማመልከቻ የነበረውን ፎርም 9042ን ሞልቶ መልስ ሲጠብቅ ይከርማል፤ በዚያ መካከል የሌሎቹ መብቶች ቀነ ገደብ አንድ በአንድ ያልፋል። የሚያሳዝነው ይሄ ነው፣ ምክንያቱም የቀሩት መብቶች ጥቂት አይደሉም። አብዛኞቹ የሚቆጠሩት ግን ሥራው ከቆመበት ቀን ጀምሮ ነው።

መጀመሪያ ቲኤኤ ምን እንደነበር ማወቅ ይጠቅማል፤ ዛሬ የጎደለው ምን እንደሆነ የሚታየው ከዚያ አንጻር ነው። ፕሮግራሙ የተወለደው በ1962 በፕሬዚዳንት ኬኔዲ ዘመን በወጣው የንግድ ሕግ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ አገሪቱ ንግዷን ስትከፍት አገር ሁሉ ርካሽ ዕቃ ያገኛል፣ ኪሳራውን ግን የአንድ ፋብሪካ ሠራተኞች ብቻቸውን ይሸከማሉ፤ ስለዚህ ከጥቅሙ ለእነሱም ይድረስ። መስፈርቱ ግን ከመጥበቁ የተነሳ እስከ 1969 ድረስ አንድም የሠራተኛ ቡድን አላለፈም። ብዙ ሰው መጠቀም የጀመረው የ1974ቱ ሕግ መስፈርቱን ካላላው በኋላ ነው።

በ2015 በታደሰው ሕግ ሦስት ሠራተኞች፣ ዩኒየን፣ ድርጅቱ ራሱ ወይም የግዛቱ የሥራ ጽሕፈት ቤት ማመልከት ይችሉ ነበር። ዲፓርትመንቱ በ40 ቀን መርምሮ እንዲወስን ይጠበቅበታል። የሚመረመረውም የገቢ ዕቃ ጨምሮ እንደሆነ፣ ሥራው ወደ ውጭ ተዛውሮ እንደሆነ፣ ወይም ድርጅቱ በዚህ ለተጎዳ ሌላ ፋብሪካ ዕቃ አቅራቢ እንደነበር ነው። ቡድኑ ካለፈ ሥልጠናው ይከፈላል፣ የሳምንት ገቢም አብሮ ይቀጥላል፦ 26 ሳምንት መደበኛ አንኢምፕሎይመንት (ሥራ ላጣ ሰው በግዛቱ በኩል የሚከፈል የሳምንት ገንዘብ)፣ ቀጥሎ 26 ሳምንት የቲኤኤ ክፍያ፣ በሥልጠና ላይ ላለ 65 ሳምንት፣ ለማጠናቀቂያ 13 ሳምንት፤ ድምሩ 130 ሳምንት። ዕድሜው 50 የሞላና በዓመት ከ50,000 ዶላር በማይበልጥ ደመወዝ ሌላ ሥራ የጀመረ ሰው ደግሞ የድሮና የአዲስ ደመወዙን ልዩነት ግማሽ እስከ ሁለት ዓመት ያገኝ ነበር፣ ጣሪያው 10,000 ዶላር። ለምሳሌ 48,000 ያገኝ የነበረ ሰው 36,000 ላይ ቢወርድ ልዩነቱ 12,000 ነው፣ ግማሹ በዓመት 6,000፤ በሁለተኛው ዓመት ግን ጣሪያው ስለሚይዘው የሚደርሰው 4,000 ብቻ ነው።

ዛሬ ይህን የሚተካ አንድ ፕሮግራም የለም። የሥልጠናው ክፍያ በሌላ መንገድ ይገኛል። የጠፋው ከአንኢምፕሎይመንት በኋላ ይቀጥል የነበረው የሳምንት ገቢ ነው። ልጆች የሚያሳድግ ሰው የሁለት ዓመት ትምህርት መጨረስ ይችል የነበረው በዚያ ገንዘብ ነበርና፣ ሕጉ ሳይታደስ መቅረቱ ትልቅ በደል ነው ብለን እናምናለን።

ማስረጃችሁን ግን አትጣሉ። በ2015 ሕጉ ሲታደስ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2014 ወዲህ ቀርበው በወቅቱ ጠባብ መስፈርት ውድቅ የተደረጉ ማመልከቻዎች እንደገና እንዲታዩ ተደርጓል። ወደፊትም እንደዚያ ይሆናል ብሎ ማንም ቃል ሊገባ አይችልም፤ ወረቀት ማስቀመጥ ግን ዋጋ አያስከፍልም። የስንብት ደብዳቤው፣ ትሠሩ የነበረው ዕቃ ስም፣ መስመሩ የተዛወረበት አገር፣ ድርጅቱ ያወጣው ማስታወቂያ፣ የመጨረሻዎቹ የደመወዝ ስታቦች፣ አብረው የወጡ የሁለት ሦስት ባልደረቦች ስልክ በአንድ ፖስታ ይቀመጥ። በሠራተኛ አቅራቢ ኤጀንሲ በኩል የሠራችሁ ከሆነ በየትኛው ፋብሪካ ግቢ ውስጥ ትሠሩ እንደነበር የሚያሳይ ወረቀት ጨምሩበት። በድሮው አሠራር ዕውቅናው የፋብሪካውን ስም ብቻ ጠቅሶ የኤጀንሲ ሠራተኞችን ሳይጠቅስ ሲቀር፣ እነሱን ለማስገባት ሌላ ማሻሻያ ያስፈልግ ነበር።

አሁን ክፍት ወዳለው በር እንምጣ። በ2014 የወጣው የሥራ ኃይል ሕግ፣ ዊዮዋ የሚባለው፣ «ዲስሎኬትድ ወርከር» የሚል ክፍል አለው፤ ሥራው የተነቀለበት ሠራተኛ ማለት ነው። ከቲኤኤ የሚለየው አንድ ትልቅ ነገር የንግድ ውድድርን ማስረዳት የማያስፈልግ መሆኑ ነው። ፋብሪካው ወደ ሜክሲኮ ሄደ፣ በቻይና ዕቃ ተሸነፈ፣ ወይም ባለቤቱ ከሰረ፣ ምክንያቱን ማንም አይመረምርም። የሚጠየቀው ሌይኦፍ መደረጋችሁ ወይም የስንብት ማስታወቂያ መቀበላችሁ፣ አንኢምፕሎይመንት የሚገባችሁ ወይም የጨረሳችሁ መሆኑ፣ ወደ ቀድሞው ሥራ ወይም ኢንዱስትሪ የመመለስ ዕድላችሁ ጠባብ መሆኑ ነው። ፋብሪካው ጭራሽ ከተዘጋ የመዘጋቱ ማስረጃ መንገዱን ያሳጥራል።

ከሁሉ በፊት ግን አንኢምፕሎይመንት። ሥራው በቆመበት ሳምንት ውስጥ ሙሉ። በአብዛኛው ግዛት ክፍያው የሚታሰበው ማመልከቻው ከገባበት ሳምንት ጀምሮ ስለሆነ፣ «ትንሽ ልረፍና እሞላለሁ» ያለ ሰው ያረፈባቸውን ሳምንታት አያገኝም። ገንዘቡ የሚሰላው ብዙውን ጊዜ ካለቁት የመጨረሻ አምስት ሩብ ዓመታት በመጀመሪያዎቹ አራት ነው። በሜይ 2025 የሞላ ሰው የሚታይለት ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር 2024 ያገኘው ደመወዝ ነው ማለት ነው። በብዙ ግዛቶች ጣሪያው 26 ሳምንት ነው፤ ፍሎሪዳን በመሳሰሉት ግን እስከ 12 ሳምንት ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ የትምህርት ዕቅድ ከማውጣታችሁ በፊት የራሳችሁን ግዛት ቁጥር እወቁ።

እዚህ ላይ ሰው የሚሰናከልባቸው ነገሮች ይታወቃሉ። አንደኛው በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ የሚሞላውን ማረጋገጫ መርሳት ነው፤ አንዴ መመዝገብ ብቻውን ገንዘብ አያመጣም። ሌላው በትርፍ ሰዓት የተሠራ ሥራ ነው። ሁለት ቀን ሾፌርነት ወይም መጋዘን የሠራ ሰው ገቢውን ቼኩ ሲደርሰው ሳይሆን ሥራውን በሠራበት ሳምንት፣ ታክስ ከመቆረጡ በፊት ባለው መጠን እንዲያስመዘግብ ነው በአብዛኛው የሚጠበቀው። በተጣራው ገንዘብ የሞላ ሰው ከወራት በኋላ «ትርፍ ተከፍሎሃል፣ መልስ» የሚል ደብዳቤ ይደርሰዋል። የኤጀንሲ ሠራተኛ ደግሞ ምደባው ሲያልቅ ወደ ኤጀንሲው ደውሎ ሌላ ምደባ ካልጠየቀ በብዙ ግዛቶች በፈቃዱ እንደለቀቀ ሊቆጠርበት ይችላል፤ ደውሉ፣ የደወላችሁበትን ቀንና ያነጋገራችሁትን ሰው ስም ጻፉ። የሥራ ፈቃድ ወረቀትም ክፍያው በሚወሰድባቸው ሳምንታት ሁሉ የጸና መሆን አለበት፣ የሚያልቅበት ቀን ከቀረበ እድሳቱን አስቀድሙ። የፌዴራል ታክስም አለበት፤ በፎርም ደብልዩ 4 ቪ 10 በመቶ እንዲቆረጥ ካላዘዛችሁ በኤፕሪል ዕዳ ይጠብቃችኋል።

ድርጅቱ ምን ያህል ቀደም ብሎ እንዳሳወቃችሁም ተመልከቱ። ዋርን የሚባለው የፌዴራል ሕግ 100 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ድርጅት አንድን ቦታ ሲዘጋና በዚያ 50 ወይም ከዚያ በላይ ሰው ሥራ ሲያጣ የ60 ቀን የጽሑፍ ማስታወቂያ እንዲሰጥ ያስገድዳል። በሳምንት ከ20 ሰዓት በታች የሚሠራ ወይም ከመጨረሻዎቹ 12 ወራት ከ6 ወር በታች የሠራ ሰው ቁጥሩን ለመሙላት አይቆጠርም፤ ማስታወቂያው ግን ለእሱም ይገባዋል። ሳያሳውቅ የዘጋ ድርጅት ለጎደለው ቀን ሁሉ፣ እስከ 60 ቀን፣ ደመወዝና ጥቅማ ጥቅም ሊከፍል ይችላል። ይህን ሕግ የሚያስፈጽመው ግን ሌበር ዲፓርትመንት ሳይሆን ፍርድ ቤት ነው፤ ለዲፓርትመንቱ አቤት ብሎ መጠበቅ ፋይዳ የለውም፣ ዩኒየን ወይም የሥራ ሕግ ጠበቃ ነው የሚያስፈልገው። ግዛቶችም የራሳቸው አላቸው። ኒውዮርክ 50 የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ ካለው ድርጅት ጀምሮ 90 ቀን ይጠይቃል። ኒውጀርሲም 90 ቀን ይጠይቃል፤ ከኤፕሪል 2023 ወዲህ ደግሞ በሕጉ ሥር ለወደቀ ሌይኦፍ ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት የአንድ ሳምንት ደመወዝ በግዴታ ያስከፍላል።

በመጨረሻው ቀን የሚሰጠውን የሴቨራንስ (የስንብት ክፍያ) ወረቀት እዚያው ቆማችሁ አትፈርሙ። ወረቀቱ ብዙውን ጊዜ «ከዚህ በኋላ አልከስም» የሚል ቃል አለበት። ዕድሜው 40 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው በቡድን ሌይኦፍ ጊዜ ወረቀቱን የሚያጤንበት 45 ቀን፣ ከፈረመም በኋላ ሐሳቡን የሚቀይርበት 7 ቀን በፌዴራል ሕግ ተሰጥቶታል። ሴቨራንስ በአንዳንድ ግዛት አንኢምፕሎይመንቱን ያዘገያል፣ በሌላው ምንም አይነካውም። በሁለቱም ግን አይደበቅም፤ ይመዘገባል።

ከዚህ በኋላ የዊዮዋው ሥልጠና ወደሚጠየቅበት፣ አሜሪካን ጆብ ሴንተር ወደሚባለው ጽሕፈት ቤት። ብዙ ሰው ተባርሮ ከሆነ የግዛቱ «ራፒድ ሪስፖንስ» ቡድን ፋብሪካው ሳይዘጋ ግቢው ድረስ መጥቶ ስብሰባ ያደርጋል። ያ ስብሰባ አይታለፍ፤ ጥያቄ የሚመለስበት ሰውና ስልክ የሚገኘው እዚያ ነው። 50 ወይም ከዚያ በላይ ሰው ከአንድ ድርጅት ከወጣ ግዛቱ ከፌዴራል መንግሥት ልዩ የዲስሎኬትድ ወርከር ገንዘብ መጠየቅ ይችላል። ግለሰብ አያመለክትም፣ ግን «ለእኛ ፋብሪካ ተጠይቋል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። በአካባቢው ያለው መደበኛ በጀት ባለቀበት ሰዓት ይህ ጥያቄ ብዙ ለውጥ ያመጣል።

ወደ ጆብ ሴንተር ስትሄዱ መታወቂያ፣ የሥራ ፈቃድ ማስረጃ፣ የስንብት ደብዳቤ፣ የአንኢምፕሎይመንት ውሳኔ ደብዳቤና ስታብ ያዙ። ወንዶች አንድ ተጨማሪ ነገር አለባቸው፣ ብዙ የኛ ሰው የሚመለሰውም በእሱ ነው፦ ሴሌክቲቭ ሰርቪስ፣ ማለትም ለወታደራዊ ግዳጅ የሚደረግ የወንዶች ምዝገባ። ከ26 ዓመቱ በፊት አሜሪካ የገባ ወንድ፣ በስደተኛነትም ሆነ በዲቪ፣ መመዝገብ ነበረበት። ከ26 ዓመቱ በኋላ የገባ አይመለከተውም፣ ግን የገባበትን ቀን በፓስፖርት ማኅተም ወይም በአይ 94 (የመግቢያ መዝገብ ወረቀት) ያሳያል። መመዝገብ ሲገባው ሳይመዘገብ 26 ያለፈው ሰው ከሴሌክቲቭ ሰርቪስ የሁኔታ መግለጫ ደብዳቤ ይጠይቅና አውቆ አለመተዉን በጽሑፍ ያስረዳል። ደብዳቤው ጊዜ ይወስዳልና ከሌይኦፉ ቀን ጀምሮ ጠይቁት።

ጉዳያችሁን የሚይዘው የጆብ ሴንተሩ ሠራተኛ ሥልጠና ለመፍቀድ ማመን ያለበት አራት ነገር አለ፦ ያለ ሥልጠና ራሳችሁን የሚያስችል ወይም የድሮውን የሚያህል ደመወዝ እንደማታገኙ፣ ሥልጠናው እንደሚያስፈልጋችሁ፣ ጀምራችሁ ለመጨረስ እንደምትችሉ፣ ሙያው በአካባቢው ተፈላጊ መሆኑ። «የተገኘውን ሥራ እሠራለሁ» የሚለው የጨዋ መልስ እዚህ ይጎዳል፤ ሥልጠና አያስፈልገውም ተብሎ ይጻፋል። ይልቅ በሰዓት ስንት ታገኙ እንደነበር፣ ዛሬ በዚያው ችሎታ የሚገኘው ስንት እንደሆነ ቁጥር ይዛችሁ ቅረቡ። ትምህርት ቤቱም በግዛቱ በጸደቀው ዝርዝር ውስጥ ያለ መሆን አለበት። ሲዲኤል (የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ)፣ ነርስ ረዳትነት፣ ብየዳ፣ የማሽን ጥገና በብዙ ቦታ ይገኛሉ። ሁለት ሦስት ትምህርት ቤት ዋጋውን፣ የሚፈጀውን ሳምንትና ከጨረሱት ስንቱ ሥራ እንደሚያገኙ አወዳድሩ። የእንግሊዝኛ ፈተናው ውጤት ዝቅ ካለ «ስትችል ተመለስ» የሚለውን መልስ ዝም ብላችሁ አትቀበሉ፤ ሕጉ የቋንቋና የሙያ ትምህርትን ጎን ለጎን ማስኬድ ይፈቅዳል፣ ያንን በስሙ፣ «ኢንተግሬትድ ኤጁኬሽን ኤንድ ትሬኒንግ» ብላችሁ ጠይቁ።

ቅደም ተከተሉን ማሳት ከሁሉ የከፋው ስሕተት ነው። ከራሱ ኪስ ከፍሎ ትምህርት የጀመረ ሰው ብሩ አይመለስለትም ማለት ይቻላል። ከዚያ የባሰው ደግሞ አንኢምፕሎይመንቱ ሊቆም መቻሉ ነው፤ ቀን ሙሉ ክፍል የሚቀመጥ ሰው «ለሥራ ዝግጁ አይደለም» ይባላል። ግዛቱ ያጸደቀው ሥልጠና ላይ ያለን ሰው ግን በትምህርቱ ምክንያት ክፍያ መከልከል በፌዴራል ሕግ አይቻልም። ስለዚህ መጀመሪያ ከጆብ ሴንተር የጽሑፍ ፈቃድ፣ ቀጥሎ ከአንኢምፕሎይመንት ቢሮ የጸደቀ ሥልጠና መሆኑ ማረጋገጫ፣ ከዚያ ምዝገባ። ማሳቹሴትስ፣ ኒውጀርሲና ዋሽንግተን ግዛትን የመሳሰሉት በጸደቀ ሥልጠና ላይ ላለ ሰው ከመደበኛው ሳምንት በላይ የሚጨምሩበት የራሳቸው ፕሮግራም አላቸው፤ ከቲኤኤ የሳምንት ገቢ ጋር የሚቀራረበው ይሄ ነው። እያንዳንዱ የማመልከቻ ቀነ ገደብ አለውና አንኢምፕሎይመንት በሞላችሁበት ሳምንት ጠይቁ። በዊዮዋ ሕግ ውስጥም አንኢምፕሎይመንት ላለቀበት ሠልጣኝ የሚሰጥ የችግር ድጎማ አለ። ለእሱ ግን በመደበኛው ደንብ ከሌይኦፉ በኋላ 13ኛው ሳምንት ሳያልቅ ሥልጠና መግባት ይጠይቃል፣ በጀት የማይዙለት አካባቢዎችም ብዙ ናቸው።

ኮሌጅ ለሚገባ ፔል ግራንት የሚባል የማይመለስ የፌዴራል የትምህርት ድጎማ አለ። ማመልከቻው ፋፍሳ የሚያየው የሁለት ዓመት በፊት ገቢን ነው፤ ለ2025–26 የትምህርት ዘመን የ2023ቱን። ያኔ ሙሉ ደመወዝ የነበረው ሰው «ገቢህ ብዙ ነው» ሊባል ይችላል። እዚህ ላይ ማቆም አያስፈልግም፤ የስንብት ደብዳቤውን ይዞ የኮሌጁን የፋይናንሻል ኤይድ (የገንዘብ እርዳታ) ቢሮ «ፕሮፌሽናል ጀጅመንት»፣ ማለትም በቢሮው ውሳኔ ማስተካከያ እንዲደረግ፣ መጠየቅ ነው፣ አሁን ያለውን ገቢ መሠረት አድርገው ማስተካከል ይችላሉ። ከአገር ቤት ዲግሪ ያለው ሰው ግን ይጠንቀቅ። የውጭ አገር ባችለር ዲግሪም እንደ ዲግሪ ስለሚቆጠር ፔል አይሰጠውም፣ ደብቆ መሙላትም ችግር ያመጣል። የጆብ ሴንተሩ የሥልጠና ገንዘብ በዲግሪ አይከለከልም።

የጤና ኢንሹራንስ ላይ ቲኤኤ የነበረው የታክስ ቅናሽ በ2021 መጨረሻ ቀርቷል። ኮብራ የድሮውን ኢንሹራንስ እስከ 18 ወር ያስቀጥላል፣ ግን የድርጅቱን ድርሻ ጨምሮ እስከ 102 በመቶ ራሳችሁ ትከፍላላችሁ። ለመምረጥ 60 ቀን አለ፣ ከመረጣችሁም ወደ ኋላ ተመልሶ ይሸፍናል። ድርጅቱ ሙሉ በሙሉ ፈርሶ ኢንሹራንሱን ከዘጋው ግን የሚቀጥል ነገር ስለሌለ ኮብራም የለም። ማርኬትፕሌስ (የግል ኢንሹራንስ የሚገዛበት የመንግሥት ገበያ) የድሮው ኢንሹራንስ ካበቃ በኋላ ለመመዝገብ 60 ቀን ይሰጣል፤ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው ያለው ሜዲኬይድ ግን ዓመቱን ሙሉ ይመዘገባል።

ፎር ኦ ዋን ኬውን፣ በሥራ ቦታ የተቆጠበውን የጡረታ ገንዘብ፣ በቼክ ተቀብላችሁ እንዳትወስዱት። 20 በመቶው እዚያው ይቆረጣል፣ ዕድሜው 59 ተኩል ያልሞላም በአብዛኛው 10 በመቶ ቅጣት ይጨመርበታል። ከሒሳብ ወደ ሒሳብ በቀጥታ ይዛወር።

በእነዚህ ቢሮዎች ሁሉ አስተርጓሚ በነጻ የማግኘት መብት አለ፤ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል መሥሪያ ቤት በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ የቋንቋ እገዛ መስጠት አለበት። ልጅን ለአስተርጓሚነት ይዞ መሄድ አያስፈልግም፣ ቃሉ ሲሳሳት ተጠያቂው ፈራሚው ነውና። የእምቢታ ደብዳቤ ከደረሳችሁ የይግባኙ ቀን የሚቆጠረው ብዙውን ጊዜ ደብዳቤው ከተላከበት ቀን ነው፤ በብዙ ግዛትም ቀኑ አጭር ነው። ደብዳቤው ባይገባችሁም በዚያው ቀን «ይግባኝ እላለሁ» የሚል አንድ መስመር ጽፋችሁ ላኩ፣ ምክንያቱን በቀጠሮው ቀን ታስረዳላችሁ። ይግባኙ እስኪሰማ ድረስም የየሳምንቱን ማረጋገጫ መሙላት አታቋርጡ፤ ብትረቱ የሚከፈላችሁ የሞላችኋቸው ሳምንታት ብቻ ናቸው።